በፊደል ሳጥን ላይ

ሠላሳ አንድ ዓመት ፊደል ለቀምኩ፤
ጣቴን በእርሳስ አጠቆርኩ፣
ዓይኔን ለመነፅር ገበርኩ።
ኮምፒውተር ገብቶ ማተሚያ ቤቱ ሲያሰናብተኝ፣
«ከአሮጌዎቹ ሳጥኖች ያሻህን ውሰድ» አለኝ።
አሥራ አራት አነሣሁ። ለምን? እንጃ።
ተዋበች በሩ ላይ ቆማ፣
«ለማገዶ እንዳይሆን ቀለም ጠጥቷል፤ ምን ልታደርገው?» አለች።
ከጓሮ፣ ቦቃ እምቧ አለች።

ቦቃ ላማችን ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ጠብታ።
ሠራተኛ ሰፈር፣ በቆርቆሮና በቆርቆሮ መሐል፣
አንድ አልጋ በምታህል ቦታ
ሰባት ዓመት ቆማለች፣ ጠዋትና ማታ።
ለምለም ሣር ያየችው አንዴ ነው፣
ለክትባት ወደ አራት ኪሎ ስነዳት፤
የመንገዱ ዳር ተከርክሞ፣ ውሃ እየተረጨበት፣
«ሣሩን መርገጥ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ቆሞበት።
ማንበብ ለምዶብኝ አነበብኩላት።
ምራቋን ዋጠች።
ጥበቃው ገመዷን አየ፣ ገመዱን ተከትሎ እኔን አየ፤
አንገታችንን ደፍተን አለፍን።

ጭዱ እንደ ቤት ኪራይ ሲንር፣
ፉርሽካው፣ ፋጉሎው ሲጨመር፣
ተዋበች «እንሽጣት» አለች፤
ብላም የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች።

ያን ሰሞን ነው የወረዳዋ ባለሙያ የመጣችው፣
ፍሬሰላም፤ ጫማዋ ጭቃ የነካው፣ ንግግሯ የማይቸኩለው።
«ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ መሬት ምን ያደርግልዎታል?
ገብስ፣ ውሃና መደርደሪያ ካለ ይበቃል።»
መደርደሪያ!
ዞር ብዬ ሳጥኖቹን አየሁ።

ገብሱን ከጠጠር ለየሁ፤ መልቀም መቼም ሙያዬ።
ሌሊቱን በባልዲ ዘፈዘፍኩ፤
የእርሳሱ ርዝራዥ ላሟን እንዳይመርዛት
እያንዳንዱን ሳጥን ላስቲክ አለበስኩ፤
ውሃው እንዲወርድ ጠርዙን በወስፌ በሳሁ፤
«ሀ» ከነበረችበት እስከ «ፐ» ድረስ
እፍኝ እፍኝ ዘራሁ።

የመጀመሪያው ሻገተ።
ሽበት አወጣ፤ ሽታው ግቢውን ዞረ።
እማማ ጌጤነሽ አፍንጫቸውን ይዘው ብቅ አሉ፦
«በሶ የሚወጣውን ገብስ፣ ቆሎ የሚሆነውን፣
ሰው እየራበው ለላም ትነሰንሳለህ?»
መልስ አልነበረኝም።
ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም።
ሳጥኖቹን በበረኪና አጠብኩ፤ ፀሐይ አስመታሁ፤
ደግሜ ዘራሁ።

ውሃ በሳምንት ሁለቴ ነው የሚመጣው፣ በሌሊት፤
ቧንቧው ሲያቃስት እነሣለሁ፣ ጀሪካኖቼን ልቀስቅስበት።
በሁለተኛው ቀን ነጭ ጫፍ አየሁ፣ እንደ ሕፃን ጥርስ፤
በአራተኛው ሥር ከሥር ተቆላለፈ፤
ከዚያ አረንጓዴ። ጠባቧ ክፍላችን
ዝናብ ያባራበት ማሳ፣ ማሳ ሸተተች።
ተዋበች ሌሊት ተነሥታ በባትሪ ስታየው ያዝኳት፤
«ድመት መስሎኝ ነው» አለች።

በስምንተኛው ቀን ሳጥኑን ገለበጥኩ።
እንደ ምንጣፍ ሙሉውን ተነሣ፤
ከላይ ቅጠል፣ ከታች የሥር ሸማ፤
ሸማው ላይ የሳጥኑ ክፍልፋይ ታትሞ፤
መስመሩ ብቻ፣ ፊደል የሌለው።
የለቃሚ ዓይን አይተኛም፤
ከቀኝ ወደ ግራ፣ በግልባጭ አነበብኩት።
ስሕተት አላገኘሁም።
ቦቃ ገጹን ከጠርዙ ጀመረች፤
ዓይኗን ጨፍና አኘከች።

ፍሬሰላም ግን አላታለለችኝም፦
«አንዱ ኪሎ ስድስት ሆነ ብለው አይደሰቱ፣
አብዛኛው ውሃ ነው፤ ጭዱንም አይተዉባት።»
እሺ አልኩ።
ወተቱ የጨመረው ግማሽ ሊትር ነው፤ አልዋሽም።
ደግሞስ በዚህ ከተማ ወተት ላይ ውሃ የማይጨምር ማን አለ?
ሌላው በጣሳ ይጨምራል፤
እኔ በላሟ በኩል አሳልፌ።

ትናንት እማማ ጌጤነሽ በልጅ ጣሳ ላኩ።
ሞልቼ መለስኩ።
ስለ ገብሱ አላነሡም፤
እኔም አላነሣሁ።
ዛሬ የውሃ ተራችን ነው፤
በጊዜ ልተኛ።